ካሲዮ ኤምቲ-40 እና ከሆዱ የወጣው ስሌንግ ቴንግ

ያገለገለ ካሲዮ ኤምቲ-40 የሚያፈላልግ ሰው፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ኪቦርድ ፍለጋ አይደለም የወጣው። ኪቦርድማ ሞልቷል። የሚፈልገው በመሳሪያው ሆድ ውስጥ «ሮክ» ተብሎ የተቀመጠውን አንድ ምት ነው፤ በ1985 (ዓመቶቹ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጃማይካን ሙዚቃ የገለበጠውን፣ ዓለም ስሌንግ ቴንግ ብሎ የሚያውቀውን። ስለዚህ ዕቃውን ለብቻው ነጥሎ መገምገም ትርጉም የለውም። ከሪዲሙ፣ ማለትም ብዙ ድምፃውያን በየተራ ከሚዘፍኑበት ከዚያ አንድ አጃቢ፣ እና በእሱ ላይ ከዘፈኑት ሰዎች ጋር አንድ ላይ ነው የሚመዘነው።

መሳሪያው ገበያ የወጣው በ1981 ነው። 37 ዋና ቁልፎች፣ በግራ በኩል ደግሞ 15 ትንንሽ የቤዝ ቁልፎች አሉት። 22 ድምፆችና ስድስት የምት ዓይነቶች ተጭነውበታል። ድምፆቹ ለስላሳ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ዛሬም ለቀረጻ ይሆናሉ፤ ግን ለእነሱ ብሎ ማንም ገንዘቡን ማውጣት የለበትም። ወደ ጉዳዩ እንግባ። የምት መምረጫውን «ሮክ» ላይ አድርጉ፤ «ሲንክሮ» የሚለውን ተጫኑ፤ ከዚያ ከቤዝ ቁልፎቹ ከግራ ሁለተኛውን፣ ማለትም «ዲ»ን ንኩ። ድራሙና ቤዙ አንድ ላይ ተነስተው ይሄዳሉ። ሌላ ነገር መንካት አያስፈልግም።

የሚሰማው ግን የጠበቃችሁት አይሆንም። ብዙ ገዢ እዚህ ላይ ነው «ተሸወድኩ» የሚለው። ቤዙ ይጣደፋል፣ ድራሙ እንደ መጫወቻ ይንጣጣል። ዕቃው ተበላሽቶ ሳይሆን ፍጥነቱ አልተስተካከለም። ስሌንግ ቴንግ የሚወለደው የፍጥነት መቆጣጠሪያው በደንብ ወደ ታች ሲወርድ ነው። ሲጣደፍ የቤዙ ኖታዎች ተያይዘው ይሮጣሉ፤ ሲዘገይ ግን በእያንዳንዱ ኖታ መካከል ክፍተት ይከፈታል፣ ትልቁ ከበሮ ክብደት ያገኛል፣ ድምፃዊ የሚገባበት ቦታ ይፈጠራል። ያው ምት ነው፤ የተጨመረ አንድም ኖታ የለም። መቆጣጠሪያው የፍጥነት ቁጥር አያሳይም፤ ስለዚህ ትክክለኛውን ቦታ ለማግኘት በዚህ ምት ላይ መጀመሪያ የዘፈነውን የዌይን ስሚዝን ዘፈን በስልክ ከፍታችሁ፣ ኪቦርዱን አብራችሁ አስነስታችሁ፣ እየሰማችሁ በጥቂት በጥቂቱ ማንቀሳቀስ ነው። አራት አምስት ዙር ሳይለያዩ አብረው ከሄዱ ደርሳችኋል። በቀጭን እስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት፤ የፀጉር ያህል ቢንቀሳቀስ እንደገና ፍለጋ ነው።

ይህን ምት የሠራችው ሂሮኮ ኦኩዳ የምትባል ጃፓናዊት ናት። በኩኒታቺ የሙዚቃ ኮሌጅ የመመረቂያ ጽሑፏን በሬጌ ላይ ሠርታ፣ በ1980 ካሲዮ ገባች፤ ኤምቲ-40ም በመጀመሪያ ከሠራቻቸው ነገሮች አንዱ ነው። የምቱ ስም ሮክ ነው፣ መነሻውም የሮክ ሙዚቃ ነው፤ ነገር ግን ሬጌን በጆሮዋ ይዛ ስትሠራ የነበረች ሰው መሆኗ ቤዙ ላይ ይሰማል። በአንድ ኮርድ ላይ ቆሞ፣ ዘሎ ሳይወጣ፣ ክብ እየዞረ የሚመለስ ቤዝ ነው። ለዚህ ነው በጃማይካ ዋና ከተማ ኪንግስተን ላይ እንደ ባዕድ ያልታየው።

ኪንግስተን ላይ መሳሪያው የኖኤል ዴቪ ነበር። ዴቪና ወጣቱ ድምፃዊ ዌይን ስሚዝ ምቱን አገኙት፤ ወደ ሎይድ ጄምስም ይዘውት ሄዱ። ያኔ ገና ፕሪንስ ጃሚ ይባል ነበር፤ የታዋቂው የድምፅ ባለሙያ የኪንግ ተቢ ተማሪ፣ በዋተርሃውስ ሰፈር ሴንት ሉሲያ ጎዳና ላይ በመኖሪያ ቤቱ ስቱዲዮ የነበረው ሰው። የጃሚ ሥራ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ምቱን አዘገየው። ሁለተኛ፣ ፒያኖና ጭብጨባ መሰል ምቶች ጨመረበት። ስሌንግ ቴንግን ስትሰሙ ከመሬት በላይ ተንጠልጥሎ «ቻክ፣ ቻክ» የሚለውን ፒያኖ ልብ በሉ፤ ሬጌነቱን የያዘው እሱ ነው። ኪቦርዱን የገዛ ሰው ምቱን ብቻ አስነስቶ «አንድ ነገር ጎደለው» የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው። የጎደለው ፒያኖው ነው። በቀኝ እጃችሁ የዲን ኮርድ በየምቱ መካከል፣ አጭር አድርጋችሁ፣ ጣት ሳታሳርፉ መምታት ይጠበቅባችኋል። ጣት ካረፈ ድምፁ ይንዛዛል፤ ከተንዛዛ ደግሞ የቤዙን ክፍተት ይደፍነዋል።

ከዚያ በፊት የነበረው ሬጌ በአብዛኛው የሚሄድበት ስልት ዋን ድሮፕ ነው፤ የመጀመሪያው ምት ባዶ ይተውና ትልቁ ከበሮ ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። ስሌንግ ቴንግ ያንን ባዶ ቦታ ሞላው። ቤዙ ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ ይንከባለላል። እንግዲህ በቤዝ ጊታርና በድራም ተቀርጾ በኖረ ሙዚቃ ውስጥ አንድም ቤዝ ተጫዋች፣ አንድም ድራመር ሳይኖር የተሠራ ዘፈን ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የካቲት 16 ቀን 1977 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ ዋልተም ፓርክ ጎዳና ላይ የጃሚ ሳውንድ ሲስተም (በትልልቅ ስፒከሮች ሸክላ እያጫወተ ሕዝብ የሚያስጨፍር ቡድን) ብላክ ስኮርፒዮ ከሚባለው ተፎካካሪ ጋር ሲፋለም፣ ጃሚ ይህን ሸክላ አወጣው፤ ምሽቱም የጃሚ ሆነ። ወራት ሳይቆይ የኪንግስተን ስቱዲዮዎች ሁሉ ወደ ኪቦርድና ወደ ድራም ማሽን ዞሩ። ኪንግ ተቢ ራሱ በዚያው ዓመት አንቶኒ ሬድ ሮዝን ይዞ «ቴምፖ»ን አወጣ፤ ያም በኮምፒዩተር ድምፅ የተሠራ፣ ጨለምለም ያለና ግሩም ሪዲም ነው። በስቱዲዮ ቀረጻ ይተዳደሩ የነበሩ ብዙ ሙዚቀኞች ግን በዚህ ለውጥ እንጀራቸው ተነካ። ይህ መነገር አለበት።

(በዚያው በ1985፣ በሌላ ከተማ፣ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን በአኮርዲዮን፣ በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን ካሴት እየቀረጸ ነበር። እሱና ጃሚ አይተዋወቁም፤ ግን አንድ ሰው በኤሌክትሪክ መሳሪያ ብቻውን ባንድ መሆን የቻለበት ዘመን መሆኑን ሁለቱንም አከታትሎ የሰማ ይገባዋል።)

አሁን ወደ ድምፃውያኑ። ሪዲም የሚለውን ነገር ለእኛ አድማጭ ለማስረዳት ትዝታን መጥቀስ ይበቃል፤ ልዩነቱንም እዚያው ላይ ማየት ይቻላል። ትዝታን ያልዘፈነ ድምፃዊ የለም፤ ዜማው አንድ ነው፣ ግጥሙና አጃቢው የየራሱ። ሪዲም የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። አጃቢው አንድ ነው፤ እንደውም ያው የተቀረጸው ቴፕ ራሱ ነው የሚሽከረከረው፤ ዜማውንና ግጥሙን ግን እያንዳንዱ ድምፃዊ ከራሱ ማምጣት አለበት። ስለዚህ በሪዲም ላይ ደካማ ዘፋኝ የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ከእሱ በፊት የገባውም ከእሱ በኋላ የሚገባውም በዚያው ቤዝ ላይ ነው የቆመው፤ አድማጩም አሰልፎ ያወዳድራቸዋል።

ዌይን ስሚዝ የመጀመሪያው ነው። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነው፣ ጥቂት በአፍንጫ የሚወጣ፤ ታላቅ ድምፃዊ አይባልም። ያወቀበት ነገር ግን አለ፤ ከቤዙ ጋር አይሽቀዳደምም። ሐረጉን በአጭሩ ይጥላል፣ ዝም ይላል፣ ቤዙን ያሳልፋል፣ ይመለሳል። ግጥሙ ስለ ጋንጃ ነው፤ ስሌንግ ቴንግ ማለትም እሱ ነው፤ ኮኬይን ግን አልነካም ይላል። አዝማቹ ከአንድ ዓመት በፊት ባሪንግተን ሌቪ «አንደር ሚ ሴንሲ» ካለው ዘፈን ጋር መዛመዱን ሁለቱን የሰማ ሁሉ ያውቃል። ያ በጃማይካ ነውር አይደለም፤ አንዱ ለሌላው የሚሰጠው መልስ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ቴኖር ሶ ነው። «ፓምፕኪን ቤሊ» የሚለው ርዕስ ከአንድ የጃማይካ አባባል የመጣ ነው፤ ውሃ ዱባ ሆድ ውስጥ እንዴት ገባ? የሚል። እንቆቅልሽ እየተጠያየቀ ላደገ ጆሮ ይህ ወዲያው ይገባል። በዜማው ቴኖር ሶ እንደ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ከፍ ብሎ ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ ከታች ቤዙ ክብ እየዞረ ነው፣ እሱ ከላይ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል። የማሽን ምት ላይ ሐዘን ማስቀመጥ ይቻላል ብሎ ያሳየ የመጀመሪያው ሰው ይመስለኛል። አንድ ነገር ብቻ ልሰማ የሚል ሰው ካለ ይህን ይስማ። ቴኖር ሶ በ1988 በወጣትነቱ አረፈ፤ የቀረው ሥራ ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም ይህ አንዱ ነው።

ጆኒ ኦስቦርን «በዲ ባይ»ን ሲያስቀርጽ ስቱዲዮ ዋን በሚባለው ስመ ጥር የኪንግስተን ስቱዲዮ ያለፈ፣ የበሰለ ድምፃዊ ነበር፤ ያም ያስታውቃል። ትንፋሹ አይቆራረጥም፣ ቃላቱ ጥርት ያሉ ናቸው። አዝማቹ የመሰናበቻ ቃል ነው፤ በሳውንድ ሲስተም ፍልሚያ ላይ ተሸናፊውን ለመሸኘት የተሠራ ይመስል። ሸክላ መራጮቹ ዛሬም የሚያወጡት ለዚህ ነው። ሹገር ሚኖት በ«ጃም ኢን ዘ ስትሪት» ለስለስ ያለ ድምፁን ይዞ ገብቷል፤ ደስ ይላል፣ ግን ሪዲሙ ትንሽ ይከብደዋል፤ የሹገር ሚኖት ቤቱ ዋን ድሮፕ ነው። ጆን ዌይን «ኮል ዘ ፖሊስ» ላይ፣ ቶንቶ አይሪ ደግሞ «ኤቭሪ ፖሲ ካም ኢን» ላይ ዜማውን ቀንሰው ወደ ንግግር አጋድለዋል። ጃማይካ ውስጥ ዲጄ የሚባለው ሸክላ የሚያጫውተው ሳይሆን እንዲህ በምት ላይ እየተናገረ የሚሄደው ነው፤ ሸክላ የሚመርጠው ሰሌክተር ይባላል። ቶንቶ አይሪ የምላሱ ፍጥነት ከቤዙ ጋር እጥፍ በእጥፍ ይገጥማል፤ አንድም ቦታ አይወድቅም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅጂዎች ከእነዚህ በኋላ ተከትለዋል፤ አሜሪካዊው ሰብላይም ባንድ እንኳ በ1996 አልበሙ ላይ ተጠቅሞበታል። ብዙዎቹ ቢቀሩም የሚቆጭ የለም።

ሸክላ የሚገዛ ሰው ከሁለት አንዱን ይምረጥ። ጃሚ በ1985 ያወጣው «ስሌንግ ቴንግ ኤክስትራቫጋንዛ» ብዙ ድምፃውያንን በአንድ ሪዲም ላይ የሰበሰበ ነው። የአንድ ሪዲም አልበም የሚለው ሐሳብ ራሱ ከ1974ቱ የሩፒ ኤድዋርድስ «ያማሃ ስካንክ» ጀምሮ የነበረ ነው፤ ይህኛው ግን ለዲጂታሉ ዘመን መንገድ ያሳየ ነው። ከሰሙት መካከል «ሁሉም ዘፈን አንድ ነው» ብለው በሦስተኛው ላይ የሚያቆሙ አሉ። አሰማሙ ላይ ነው ችግሩ፤ ቤዙን መስማት አቁማችሁ ድምፃዊው የት እንደገባ፣ የት ዝም እንዳለ ብቻ ተከታተሉ፤ ልዩነቱ ያኔ ይወጣል። ሌላው የእንግሊዙ ሸክላ አሳታሚ ግሪንስሊቭስ በ1986 ያወጣው የዌይን ስሚዝ «ስሌንግ ቴንግ» አልበም ነው። ርዕሱን የሰጠው ዘፈን እዚያ ላይ አለ፤ የቀሩት ዘፈኖች ግን በዚያ ልክ አይደሉም። ምርጫው እንግዲህ ግልጽ ነው።

ወደ ኪቦርዱ እንመለስ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ጋ ነውና። ያገለገለ ኤምቲ-40 ስትገዙ መጀመሪያ የባትሪ ድንጋይ ማስቀመጫውን ክፈቱ። ከ40 ዓመት በላይ የቆየ ዕቃ ነው፤ ድንጋይ ውስጡ ተረስቶ ፈሶበት ከሆነ ሞላዎቹ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ታያላችሁ። ሞላዎቹ ላይ ብቻ ከቆመ በሆምጣጤ በተነከረ ጥጥ ተጠርጎ፣ ደርቆ፣ ይድናል። ወደ ውስጥ ወደ ሰርኪቱ ከገባ ግን ተዉት። ቀጥሎ ድምፅ መጨመሪያውንና የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንቀሳቅሱ። ከተንኮሻኮሸ አቧራ ነው፤ የኤሌክትሪክ ኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ይነፋበትና ሃያ ጊዜ ያህል ወዲያ ወዲህ ሲባል ይስተካከላል። የፍጥነት መቆጣጠሪያው እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ ግን ዋጋ አስቀንሱ፤ ይህን ዕቃ የምትገዙት ለዚያ መቆጣጠሪያ ነው። ከዚያ 15ቱንም የቤዝ ቁልፎች አንድ በአንድ ንኩ። ሻጮች ብዙ ጊዜ ዋናዎቹን ቁልፎች ብቻ ነው የሚያሳዩት። ሁሉም ሠርቶ «ዲ» ካልሠራ ዕቃው ለእናንተ ምንም ነው። የማይጮህ ቁልፍ በአብዛኛው ከሥሩ ያለው መነኪያ ቆሽሾ ነው፤ በንጹሕ አልኮል ይጠረጋል፤ ግን መክፈትና መገጣጠም የሚችል ሰው ያስፈልጋል።

አዳፕተር ላይ ጥንቃቄ። ቮልቱ ብቻ ሳይሆን የፖዘቲቭና የኔጋቲቩ አቀማመጥ መሳሪያው ጀርባ ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ የካሲዮ ኪቦርዶች የፊሹ መሐል ኔጋቲቭ ነው፤ ዛሬ ሱቅ የሚሸጡት አዳፕተሮች ደግሞ በአብዛኛው መሐላቸው ፖዘቲቭ ነው። «ይገጥማል» ተብሎ የተሰካ አዳፕተር ብዙ ካሲዮ ገድሏል። መጠራጠር ካለ በባትሪ ድንጋይ መሞከር ይሻላል።

የራሱ ስፒከር ትንሽ ነው፤ ቤዙን አያወጣም። በዚያ ስፒከር ሰምቶ መፍረድ ስሌንግ ቴንግን በስልክ ድምፅ ሰምቶ እንደመፍረድ ነው። በድምፅ ማውጫ ቀዳዳው በኩል ወደ ሚክሰር ወይም ትልቅ ስፒከር አውጡት። ሲወጣ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ቤዙና ድራሙ በአንድ መስመር ተደባልቀው ነው የሚወጡት፤ ቤዙን ከፍ ስታደርጉ ድራሙ ይደበዝዛል። መፍትሔው ያንኑ ቀረጻ ሁለት ቦታ መገልበጥ ነው። አንዱን ከ150 ሄርዝ በላይ ያለውን ቆርጣችሁ ቤዙን ብቻ አስቀሩ፤ ሌላውን ከ150 በታች ቆርጣችሁ ድራሙን አስቀሩ፤ ከዚያ ለየብቻ ድምፃቸውን አስተካክሉ። ትልቁ ከበሮ በሁለቱም ላይ ትንሽ ይገኛል፤ እሱ ምንም አይደል። የካሲዮን ድራም ስስነት ለማዳን ብላችሁ ሌላ ወፍራም የከበሮ ድምፅ ብትደርቡ ግን ሪዲሙ ይሞታል፤ ስስነቱ ነው ለቤዙ ቦታ የሚሰጠው።

ከኮምፒዩተር ጋር ማገናኘትን በተመለከተ፣ ሚዲ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሳሪያዎችና ኮምፒዩተር የሚግባቡበት መንገድ፣ የመጣው ኤምቲ-40 ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ስለዚህ የለውም። ኮምፒዩተሩን ወደ ኪቦርዱ እንጂ ኪቦርዱን ወደ ኮምፒዩተሩ ማምጣት አይቻልም። መጀመሪያ ኪቦርዱን ሦስት አራት ደቂቃ ሳታቋርጡ ቅረጹ፤ ከዚያ የፕሮግራሙን ፍጥነት በቀረጻው ልክ አስተካክሉ። ጊዜ ለመቆጠብ ስምንት ባር (እዚህ አንድ ባር አራት ምት ነው) ብቻ ቀርጾ እየደጋገሙ መጠቀምም ይቻላል፤ ነገር ግን ቆርጣችሁ የምትቀጥሉበት ቦታ የቤዙ የመጀመሪያ ኖታ ላይ በትክክል ካላረፈ በየዙሩ ትንሽ እንደሚያነክስ ሰው ይሆናል፤ ዘፋኙም ምክንያቱን ሳያውቅ ትንፋሹ ይጠፋበታል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርግልኛል የሚል፣ ምቱን ብቻ የሚፈልግ ሰው፣ ካሲዮ በኋላ ያወጣቸውን ኤስኤ-46 እና ኤስኤ-76 ይመልከት። በምት ዝርዝራቸው ውስጥ ይኸው ምት «ኤምቲ-40 ሪዲም» በሚል ስም ተቀምጧል። የመጀመሪያው 32፣ ሁለተኛው 44 ትንንሽ ቁልፎች አሉት፤ ሲሸጡም እንደ ልጆች መማሪያ ነው። ድምፃቸው ከአሮጌው ይልቅ ጠራ ያለ ነው፤ ያ ጉርምርምታ ግን የላቸውም። ለመለማመጃና ለመድረክ ይበቃሉ፤ ለቀረጻ አሮጌው ይሻላል። ሁለቱን አመዛዝኖ መምረጥ ነው።

በሪዲሙ ላይ ራሱ ሊዘፍን ለሚፈልግ ደግሞ ኪቦርድም ላያስፈልገው ይችላል። የጃማይካ ባለ 7 ኢንች ሸክላዎች አብዛኛውን ጊዜ ጀርባቸው ላይ «ቨርዥን» የሚባለውን፣ ድምፃዊው የወጣበትን ባዶ ሪዲም ይይዛሉ። በእሱ ላይ ስትለማመዱ የመጀመሪያዎቹን አራት ባሮች ዝም በሉ። የአማርኛ ስንኝ ረዘም ይላል፤ በዚህ ቤዝ ላይ ሙሉ ቤት በአንድ ትንፋሽ ልዝፈን ካላችሁ ቃላቱ ይጨናነቃሉ። ስንኙን ከመሐሉ ሰንጥቁት፤ ግማሹን በሁለት ባር ጨርሱ፣ ቤዙ አንድ ዙር ይዙር፣ ከዚያ ቀሪውን አምጡ። ዌይን ስሚዝ ያደረገው ይህንኑ ነው።